ፓልም ጁሜይራ፦ ከባሕር ወለል በተቀዳ አሸዋ ላይ የቆመው የባለጸጎች መንደር

ከአየር ላይ ሲታይ የተምር ዛፍ ይመስላል። ከዱባይ የባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚዘልቅ ግንድ፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ 16 ቅርንጫፎች እንዲሁም ዙሪያውን የሚከብ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ግንብ አለው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በዚህ ሥፍራ ከውኃ በስተቀር ምንም አልነበረም። ዛሬ ግን በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉ የመኖሪያ መንደሮች አንዱ ሲሆን፣ ስሙም ፓልም ጁሜይራ ይባላል።

ይህ ሰው ሠራሽ ደሴት እንዴት ተሠራ? በማን ገንዘብና በማን ጉልበት ቆመ? ባሕሩንስ ምን አደረገው? ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢስ ምን ያሳየዋል? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቱ ለምን አስፈለገ?

ዱባይ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሰባት ግዛቶች አንዷ ናት። ከጎረቤቷ ከአቡ ዳቢ ጋር ሲነጻጸር የነዳጅ ሀብቷ አነስተኛ ነው። የግዛቲቱ ገዢዎች ነዳጁ ከማለቁ አስቀድመው በንግድ፣ በወደብ፣ በአቪየሽን፣ በቱሪዝምና በሪል ስቴት የሚቆም ኢኮኖሚ ለመገንባት ወሰኑ። ለቱሪዝም ደግሞ የባሕር ዳርቻ ያስፈልጋል። የዱባይ የተፈጥሮ ዳርቻ ግን ከ70 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ሰፊው ክፍል በሆቴሎች፣ በወደቦችና በመኖሪያ ቤቶች ተይዞ ነበር።

የተምር ዛፍ ቅርጽ የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ክብ ቅርጽ ያለው ደሴት ቢሠራ የሚገኘው ዳርቻ በክቡ ዙሪያ ብቻ ይወሰናል። ረጃጅም ቅርንጫፎች ያሉት ደሴት ግን በተመሳሳይ ስፋት ላይ ብዙ እጥፍ ዳርቻ ያስገኛል። በየቅርንጫፉ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ቪላ ፊት ለፊቱ መንገድ፣ ከጀርባው ደግሞ የራሱ አሸዋማ ዳርቻ ይኖረዋል ማለት ነው። ሻጩ ለገበያ ያቀረበውም ከቤቱ ይልቅ ይህንኑ ዳርቻ ነበር።

ፕሮጀክቱን እንዲያለማ ኃላፊነት የተሰጠው ናኪል የተሰኘው የመንግሥት ኩባንያ ነው። ስሙ በአረብኛ የተምር ዛፎች ማለት ነው። ኩባንያው ከሌሎች መንግሥታዊ የሪል ስቴት ተቋማት ጋር ተጠቃልሎ ከ2024 ጀምሮ በዱባይ ሆልዲንግ ሥር ይገኛል።

ከባሕር ወለል የተቀዳው አሸዋ

ሥራው የተጀመረው በ2001 ነው። ብዙዎች የሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ በበረሃ የተከበበች ከተማ አሸዋ ፍለጋ ወደ ባሕር የወረደችው ለምንድን ነው የሚል ነው። መልሱ በአሸዋው ባሕርይ ላይ ይገኛል። የበረሃ አሸዋ ለዘመናት በነፋስ ሲገፋና ሲፋጭ ስለሚኖር እጅግ የላመና የተድበለበለ ይሆናል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ በውኃ ውስጥ ሲፈስ በቀላሉ ይንሸራተታል። የባሕር ወለል አሸዋ ግን ሸካራ በመሆኑ ሲከመር ይረጋል።

በመሆኑም የኔዘርላንድሱ ቫን ኦርድ ኩባንያ መርከቦች ከባሕረ ሰላጤው ወለል አሸዋ እየመጠጡ ወደ ሥፍራው አመጡ። መርከቦቹ አሸዋውን ከውኃ ጋር ቀላቅለው በአየር ላይ እንደ ቀስተ ደመና በማስወንጨፍ ደሴቱ እንዲነሳ በተፈለገበት ቦታ ይረጩት ነበር። የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ወሰን የሚለካው በሳተላይት የአቅጣጫ መጠቆሚያ ነበር። በዚህ መንገድ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ጥቅም ላይ ውሏል።

አሸዋው በማዕበል ታጥቦ እንዳይሄድ በዙሪያው 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የማዕበል መከላከያ ተገነባ። ለዚህም 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ ከአገሪቱ የድንጋይ ካባዎች ተፈልፍሎ መጣ። የመከላከያው መሠረት አሸዋ ሲሆን በላዩ ላይ አነስተኛ ድንጋዮች፣ በውጭ በኩል ደግሞ ማዕበሉን ፊት ለፊት የሚቀበሉ ግዙፍ ቋጥኞች ተደርድረዋል።

አሸዋ ስለተከመረ ብቻ ሕንፃ አይሸከምም። አዲስ የተደለደለ አሸዋ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ስላለው በክብደት ሊሰምጥ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያጋጥም ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የሚንቀጠቀጡ ረጃጅም መሣሪያዎች ወደ ውስጥ እየገቡ አሸዋውን አጠጋግተው እንዲጠቀጠቅ አድርገዋል።

በሥራው ሂደት መሐንዲሶቹን አንድ ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። የማዕበል መከላከያው ደሴቱን ሙሉ በሙሉ በመክበቡ በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ውኃ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም ነበር። የማይንቀሳቀስ ውኃ ደግሞ ይሻግታል፤ አልጌ ያበቅላል። ለችግሩ መፍትሔ እንዲሆን መከላከያው በሁለት ቦታዎች ተቆርጦ የባሕሩ ውኃ እንዲገባና እንዲወጣ ተደረገ።

በደሴቱ ላይ ምን አለ?

አጠቃላይ ስፋቱ 5.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ደሴት ሦስት ክፍሎች አሉት። ግንዱ አፓርትመንቶች፣ የገበያ ማዕከልና የሕዝብ መዝናኛ ሥፍራዎች የሚገኙበት ነው። በላቲን ፊደላት የተሰየሙት ቅርንጫፎች የቪላዎች መንደር ሲሆኑ፣ መግቢያቸው በጥበቃ የሚቆጣጠር ነው። ግማሽ ጨረቃው ደግሞ የትላልቅ ሆቴሎች ቦታ ነው። ከግንዱ ወደ ግማሽ ጨረቃው የሚያደርሰው መንገድ በባሕር ሥር በተሠራ ዋሻ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ለገዢዎች መተላለፍ የጀመሩት በ2006 መጨረሻ ነበር። አትላንቲስ ሆቴል በ2008፣ በግንዱ ላይ የሚመላለሰው የአንድ ሐዲድ ባቡር ደግሞ በ2009 ሥራ ጀመሩ። ሁለተኛው የአትላንቲስ ሆቴል በ2023 በታላቅ ድግስ ተመርቋል።

ቀደም ብለው የገዙ ሰዎች ግን ሁሉም እንደጠበቁት አልሆነላቸውም። በመጀመሪያ ከቀረበው ንድፍ ይልቅ በደሴቱ ላይ የተሠሩት ቤቶች ቁጥር በመብዛቱ ቪላዎቹ እጅግ ተቀራርበዋል። በሥዕል ላይ ሰፊ የነበረው ግቢ በተግባር ሲታይ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የሚጎራበት ሆኖ መገኘቱ ቅሬታ አስነስቷል።

የባለቤትነት ሕጉ

የፓልም ጁሜይራ ታሪክ ከምሕንድስናው ባልተናነሰ የሕግ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት የባሕረ ሰላጤው አገራት የመሬትና የቤት ባለቤትነትን በአመዛኙ ለዜጎቻቸው ብቻ የፈቀዱ ነበሩ። በ2002 የወቅቱ የዱባይ አልጋ ወራሽ ሼህ ሞሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም የውጭ አገር ዜጎች በተመረጡ አካባቢዎች ሙሉ የባለቤትነት መብት ያለው ንብረት መግዛት እንዲችሉ ፈቀዱ። ይህ ውሳኔ በ2006 በወጣው የንብረት ምዝገባ ሕግ ቁጥር 7 የሕግ መሠረት አገኘ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ሽያጩ ከሕጉ ቀድሟል። ከ2002 እስከ 2006 ድረስ የገዙ ሰዎች የተማመኑት ዝርዝር ሕግ ይዘው ሳይሆን በገዢው ቃልና በኩባንያው ውል ነበር። ቤት ሳይሠራ በንድፍ ላይ የሚሸጥበት አሠራር የገዢውን ገንዘብ ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ከታወቀ በኋላ በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 ከገዢዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ በሚውል የአደራ ሂሳብ እንዲቀመጥ አስገድዷል።

ዛሬ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ድርሃም ዋጋ ያለው ንብረት የገዛ የውጭ አገር ዜጋ የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ማመልከት ይችላል። ይህ ፈቃድ ግን ዜግነት አይደለም። ባለ ቪላው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም በአገሪቱ እንግዳ ሆኖ ይቀጥላል።

ሲገዛም ሆነ ሲኖር ተጨማሪ ወጪ አለ። መንገዱን፣ የጥበቃውን፣ የአትክልቱንና የጋራ መገልገያዎቹን ወጪ የሚሸፍነው የቤቱ ባለቤት በየዓመቱ በሚከፍለው የጋራ አገልግሎት ክፍያ ነው።

የ2009 ድንጋጤ

ፓልም ጁሜይራ ለናኪል የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው ዕቅድ አልነበረም። በ2002 ከእርሱ የሚበልጠው የፓልም ጀበል አሊ ሥራ ተጀመረ። በማስከተልም የዓለምን ካርታ እንዲመስሉ የታቀዱ 300 ያህል ደሴቶች ከዳርቻው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ተሠሩ። ሁሉም በብድር የሚንቀሳቀሱ ነበሩ።

የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ብድሩ ጎልቶ ታየ። በኅዳር 2009 የናኪል እናት ኩባንያ ዱባይ ወርልድ 26 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ዕዳውን የሚከፍልበት ጊዜ እንዲራዘምለት ጠየቀ። ከዚህ ውስጥ ናኪል በታኅሣሥ ወር ሊከፍለው የሚገባ፣ ሱኩክ የተሰኘ ኢስላማዊ ቦንድ ይገኝበት ነበር። ጥያቄው የዓለምን ገበያ አናወጠ። ዱባይን ከውድቀት ያዳነችው ባለ ነዳጇ ጎረቤት አቡ ዳቢ ስትሆን፣ ከሰጠችው 10 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 4.1 ቢሊዮኑ ለናኪል ቦንድ ክፍያ ውሏል።

በዚያ ወቅት የዱባይ የቤት ዋጋ ከነበረበት ጣሪያ በግማሽ ገደማ አሽቆለቆለ። የፓልም ጀበል አሊ ሥራ ቆመ፤ አስቀድመው የከፈሉ ገዢዎችም ለዓመታት ቤት ሳያገኙ ቀሩ። የዓለም ካርታ የተባሉት ደሴቶችም በአብዛኛው ባዶ የአሸዋ ክምር ሆነው ቆዩ። ፓልም ጀበል አሊ እንደገና በአዲስ ንድፍ ይፋ የተደረገው በ2023 ነው።

ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የዱባይ ገበያ ዳግም ደርቷል። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በርካታ ሩሲያውያን ሀብታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ይህ ፍሰት ግን ሌላ ጥያቄ አስከትሏል። ዓለም አቀፍ የምርመራ ጋዜጠኞች ኅብረቶች በ2022 እና በ2024 ሾልከው የወጡ የንብረት መዝገቦችን መርምረው ማዕቀብ የተጣለባቸውና በወንጀል የሚፈለጉ ሰዎች በዱባይ ንብረት እንዳላቸው አጋልጠዋል። የገንዘብ ዝውውርን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይልም ኤምሬትስን በመጋቢት 2022 በልዩ ክትትል ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ በየካቲት 2024 አውጥቷታል።

ባሕሩ የከፈለው ዋጋ

አሸዋ ከባሕር ወለል ሲመጠጥና ሲረጭ ውኃው ይደፈርሳል። ብርሃን ወደ ታች ስለማይደርስ የባሕር ሣርና ኮራል ይጎዳሉ፤ አሸዋው በላያቸው ሲያርፍም ይቀበራሉ። ጥልቀቱ አነስተኛና ሙቀቱ ከፍተኛ በሆነው በዚህ ባሕረ ሰላጤ ላይ ደግሞ በሕይወት ያሉ ኮራሎች ቀድሞውንም በችግር ውስጥ ያሉ ናቸው።

ሌላው ለውጥ የውኃው ጉዞ ነው። በዳርቻው የሚሄደው ሞገድ አሸዋ ከአንድ ሥፍራ ወስዶ በሌላ ሥፍራ ያስቀምጣል። በመንገዱ ላይ ደሴት ሲተከል ይህ ሚዛን ይዛባል፤ በአንድ በኩል አሸዋ ሲከማች በሌላ በኩል ዳርቻው ይሸረሸራል። በመሆኑም ዳርቻዎችን በየጊዜው በአሸዋ መሙላት የማይቀር ወጪ ነው።

በሌላ በኩል የባሕር ሳይንስ ተመራማሪዎች የማዕበል መከላከያዎቹ ቋጥኞች ከጊዜ በኋላ ኮራል የሚበቅልባቸውና ዓሣዎች የሚጠለሉባቸው እንደሆኑ አረጋግጠዋል። ይህ ማለት ግን የጠፋው ሁሉ ተተክቷል ማለት አይደለም። በቋጥኝ ላይ የሚሰፍረው ሕይወት ለስላሳ በሆነው የባሕር ወለል ይኖር ከነበረው የተለየ ነው።

የባሕር ጠለል ከፍ እያለ በሚሄድበት ዘመን ከውኃው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ያለ ደሴት የወደፊት ዕጣው ምን ይሆናል የሚለውም ጥያቄ አለ። መንግሥታትና ኩባንያዎች መከላከያ ማሳደግ ይችላሉ፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ግን ዞሮ ዞሮ ከነዋሪው ወይም ከግብር ከፋዩ ይመጣል።

ደሴቱን የሠሩና የሚያገለግሉ እጆች

ቪላዎቹን የገነቡት በአብዛኛው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከሌሎች የእስያ አገራት የመጡ ሠራተኞች ናቸው። የመብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2006 ባወጣው ሪፖርት በኤምሬትስ የግንባታ ሠራተኞች ደመወዝ እንደሚያዝባቸው፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪዎች እጅ እንደሚቆይና ለጉዞ በከፈሉት ዕዳ እንደሚታሰሩ ገልጿል። መንግሥት ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በባንክ በኩል እንዲከፈል አድርጓል፤ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ባሉት የሐሩር ወራትም እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጭ ማሠራትን ከልክሏል።

የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በብዛት የሚገኙት ግን በቤት ውስጥ ሥራ፣ በጥበቃ፣ በጽዳትና በሆቴል መስተንግዶ ነው። በዱባይ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው መንደሮች ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ምግብ የሚያበስሉና ቤት የሚያጸዱ ኢትዮጵያውያት፣ ኬንያውያትና ኡጋንዳውያት ቁጥር ቀላል አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረበት ካፋላ የተባለው አሠራር ሠራተኛዋ በደል ሲደርስባት ሥራ ለመለወጥ ወይም ለመክሰስ የምትችልበትን መንገድ ያጠብባል።

በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ቢያንስ የ12 ሰዓት ዕረፍት፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ እንዲሁም የግል ሰነዶቻቸውን ራሳቸው የመያዝ መብት ሰጥቷቸዋል። ሕጉ በ2022 በሌላ ሕግ ተተክቷል። የሥራ ቦታው የግል መኖሪያ ቤት በመሆኑ ግን ተቆጣጣሪ እንደ ፋብሪካ በቀላሉ ገብቶ አይመለከተውም። አጥር ባለውና በር ጠባቂ በቆመበት መንደር ውስጥ የምትሠራ ሴት መብቷን ማወቋ እንዳለ ሆኖ፣ ስልኳ በእጇ መኖሩና የአገሯን ቆንስላ አድራሻ መያዟ የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው።

ኢትዮጵያ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት እንዳይሄዱ በ2013 የጣለችውን እገዳ በ2018 አንስታለች። እገዳው በነበረበት ጊዜም ጉዞው አልቆመም፤ በደላሎች በኩል ሕገ ወጥ ሆኖ ቀጠለ እንጂ።

ሌሎች ተመሳሳይ ሥፍራዎች

የዱባይን ፈለግ የተከተሉ ጥቂት አይደሉም። በዶሃ የሚገኘው ፐርል ኳታር 4 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ገደማ በሚሰፋ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በኳታር የውጭ ዜጎች ሙሉ የባለቤትነት መብት እንዲያገኙ የተፈቀደበት የመጀመሪያው ሥፍራ ነው። በናይጄሪያ ሌጎስ ባናና ደሴት የተሰኘው ሰው ሠራሽ ደሴት የአገሪቱ ባለጸጎች መኖሪያ ሆኖ ይታወቃል። በዚያው ከተማ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በተመለሰ መሬት ላይ ኤኮ አትላንቲክ የተባለ ከተማ በመገንባት ላይ ነው።

ለተቃራኒ ዓላማ የተሠራም አለ። ማልዲቭስ በ1997 መደልደል የጀመረችው ሁልሁማሌ የተጨናነቀችውን ዋና ከተማ ለማስተንፈስና ለብዙኃኑ ዜጋ መኖሪያ ለማዘጋጀት የታሰበ ነው። ቴክኒኩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ደሴቱ ለማን ይሁን በሚለው ውሳኔ ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ሕግ ረገድም ሰው ሠራሽ ደሴት ከተፈጥሮ ደሴት ጋር እኩል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት እንደሚለው ሰው ሠራሽ ደሴት የራሱ የግዛት ባሕር አይኖረውም። አሸዋ በመከመር የባሕር ወሰንን ማስፋት አይቻልም ማለት ነው።

ለቀጣናው ምን ትምህርት አለው?

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቤት ባለቤትም ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሆኖም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። የኤምሬትስ ኩባንያዎችም በአዲስ አበባ የሪል ስቴት ዘርፍ ገብተዋል፤ የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ በለገሃር አካባቢ የያዘው ፕሮጀክት ለዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የዱባይ ልምድ ለቀጣናው ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከፓልም ጁሜይራ የሚወሰዱት ትምህርቶች ግልጽ ናቸው። ቤት ሳይሠራ በንድፍ የሚሸጥ ከሆነ የገዢውን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ ከሽያጩ መቅደም አለበት፤ በዱባይ ዘግይቶ መጥቷል። ግዙፍ ግንባታ በብድር ላይ ሲቆም አደጋው ከኩባንያው አልፎ ወደ መንግሥት ይሻገራል፤ የዱባይ ዕዳ ሲበዛ ደጋፊ ጎረቤት ነበራት፤ ሌሎች አገራት ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ላይኖራቸው ይችላል። የውጭ ገንዘብን መሳብ ጠቃሚ ቢሆንም ምንጩን መመርመር ግድ ይላል። ቅንጡ መንደር ሲታቀድም የገዢዎቹ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚሠሩት ሰዎች መብት አብሮ መጻፍ አለበት።

ፓልም ጁሜይራ በምሕንድስና ረገድ ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል። ውኃው ይዘዋወራል፤ አሸዋው ረግቷል፤ ቤቶቹም ተሽጠዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው በየዓመቱ የሚሞላው አሸዋ፣ የሚጠገነው መከላከያ እና የሚከበረው ወይም የማይከበረው የሠራተኛ መብት ነው። ደሴቱ ለረጅም ጊዜ የሚመዘነውም በእነዚሁ ይሆናል።